«አባዬን ለምን በአፍጢሙ ደፉት?»

የዚህ ወር ደብዳቤዎች ተማክረው የመጡ ነው የሚመስሉት። አራቱም ስለ አተኛኘት ይጠይቃሉ። አንዱ ከሐይቅ ነው፣ አንዱ ከኮምቦልቻ፣ አንዱ ከዚሁ ከደሴ፣ አንዱ ከወልድያ። እኔም ጽኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ ስንት ሌሊት ያደርኩ ነርስ ስለሆንኩ በዚህ ጉዳይ ወሬ አያልቅብኝም፤ ካበዛሁ ታገሡኝ። የሐይቋ ልጅ ደብዳቤ አላስተኛ ስላለኝ ከሷ ልጀምር።

ጥያቄ፦ ሲስተር እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከሐይቅ ነው። አባቴ የሳንባ ምች ጸንቶበት ሆስፒታል ገባ። በሦስተኛው ቀን በአፉ ቱቦ አስገብተው የመተንፈሻ ማሽን ላይ አደረጉት። በማግስቱ ጠዋት ልጠይቀው ስገባ በአፍጢሙ ደፍተውታል። ፊቱ ወደ ጎን ዞሯል፣ አንድ እጁ ወደ ላይ አንድ እጁ ወደ ታች ነው፣ መንገድ ላይ እንደወደቀ ሰው። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። ነርሷ «አብሽሪ፣ ለሳንባው ብለን ነው» ብላኝ ወደ ሌላ በሽተኛ ሄደች። ማታ ስመለስም እንደዚያው ነው። እናቴ «ደህናው ሰው እንኳ በሆዱ መተኛት አይወደድለትም፣ እንኳን የታመመ» እያለች እንቅልፍ አጥታለች። እኔም ጤነኛ ሆኜ በሆዴ ስተኛ ትንፋሽ ያጥረኛል። መተንፈስ ያቃተውን ሰው እንዴት ደረቱ ላይ ያስተኙታል? ወይስ ረስተውት ነው?

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ፣ አልረሱትም። ነርሷ ያለችሽ እውነት ነው። ጥፋቷ ሁለት ደቂቃ ቆማ አለማስረዳቷ ነው። በዚያ ክፍል ሁለት ደቂቃ ከየት እንደሚመጣ ስለማውቅ ግን አልፈርድባትም። በሷ ፈንታ እኔ ላስረዳሽ።

እስኪ መሶብ ክፈቺ። ሃያ እንጀራ ተደራርቦ አድሯል እንበል። የላይኛው ዓይኑ ፍጥጥ እንዳለ ነው። የታችኛውስ? የላዮቹ ክብደት ተጭኖት ዓይኑ ጥፍት ብሏል። ሳንባም እንደዚያ ነው። በጥቃቅን የአየር ከረጢቶች የተሞላ ነገር ነው፤ ሰው በጀርባው ሲተኛ በጀርባ በኩል ያሉት ከረጢቶች የታችኞቹ እንጀራዎች ይሆናሉ። የጤነኛ ሰው ሳንባ ቀላል ስለሆነ ብዙም አይጎዳም። የአባትሽ ግን በሳንባ ምች ምክንያት ውሃ አዝሏል፣ ከብዷል፣ ራሱ በራሱ ላይ ይጫናል። ልብ ደግሞ ከፊት ሆና ወደ ኋላ ትጫነዋለች። ሆድ ዕቃው በበኩሉ ድያፍራምን፣ ሆድና ደረትን የሚለየውን ጡንቻ ማለቴ ነው፣ ወደ ላይ ይገፋዋል። በዚህ ሁሉ መሀል የጀርባው ሳንባ ተጨፍልቆ ይዘጋል። የሚያሳዝነው ሰፊው የሳንባ ክፍል ያለውም እዚያው በጀርባ በኩል መሆኑ ነው።

«ታዲያ ማሽኑ ምን ይሠራል?» ትይኝ ይሆናል። እኔና አንቺ ስንተነፍስ አየሩን እንስበዋለን። ድያፍራማችን በጀርባ በኩል በደንብ ስለሚንቀሳቀስ አየሩም ወደዚያ ይሄዳል። ማሽን ግን አይስብም፣ ይገፋል። በሽተኛው ማስተኛ መድኃኒት ወስዶ ጡንቻው ዝም ሲል የተገፋው አየር የቀለለውን መንገድ ይመርጣል፤ ማለትም ቀድሞ ወደተከፈተው ወደ ፊት ለፊቱ ክፍል ይሄዳል። ያኛው ከልክ በላይ ይነፋል፣ የጀርባው እንደተዘጋ ይቀራል። ደሙ ግን ወደ ጀርባው መፍሰሱን አይተውም። አየር በሌለበት አልፎ ኦክስጅን ሳይዝ ባዶውን ይመለሳል። መቶ በመቶ ኦክስጅን እየተሰጠው እንኳ ጣቱ ላይ የተሰካችው ዕቃ የምታሳየው የኦክስጅን ቁጥር አልወጣ የሚለው ለዚህ ነው።

አሁን ሰውየውን ገልብጪው። ልቡ ፍርምባው ላይ ያርፋል። የጀርባው ሳንባ ጫናው ተነስቶለት ይከፈታል። ደሙስ? እኔን እስከ ዛሬ የሚገርመኝ ይህ ነው፤ ሰውየው ቢገለበጥም አብዛኛው ደም ወደዚያው ወደ ጀርባው ክፍል መሄዱን ይቀጥላል። አየርና ደም ተገናኙ ማለት ነው። ሌሊቱን ሙሉ 80 እና 82 ላይ ሲያቃስት ያደረ ቁጥር ከተገለበጠ በኋላ ቀስ እያለ 90ን ሲያልፍ ማየት፣ ወላሂ፣ ቡና ሳይጠጡ ያነቃል።

አንቺ በሆድሽ ስትተኚ የሚያጥርሽ የራስሽን ክብደት በራስሽ ጡንቻ ማንሳት ስላለብሽ ነው። ለአባትሽ ያንን ሥራ ማሽኑ ይሠራለታል።

ማታም እንደተደፋ ማግኘትሽ ደግሞ መልካም ምልክት ነው እንጂ መረሳት አይደለም። ነገሩ ታሪክ አለው። በሽተኛን በሆዱ ማስተኛት ኦክስጅን እንደሚያሻሽል ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ይታወቃል። ሕይወት ያተርፋል ወይ የሚለው ነው ዓመታት የፈጀው። እ.ኤ.አ. በ2001 በጣሊያን ሐኪሞች የተመራ ጥናት በሽተኞችን በቀን ሰባት ሰዓት ያህል እየገለበጠ ሞከረ። ኦክስጅናቸው ተሻሻለ፣ የሟቾች ቁጥር ግን አልቀነሰም። ብዙ ሰው ተስፋ ቆረጠ። ከዚያ በ2013 ፈረንሳዮች ሳንባቸው ክፉኛ የተጎዳ 466 በሽተኞችን ይዘው መጡ። ግማሾቹን በጀርባቸው ተዉ፤ ግማሾቹን ቢያንስ 16 ሰዓት በተከታታይ በሆዳቸው አስተኙ፣ የሁለቱንም ወገን ማሽን ግን በትንሽ በትንሹ እንዲነፋ አደረጉ። በ28 ቀን ውስጥ በጀርባቸው ከተኙት 32.8 በመቶ ሞቱ። በሆዳቸው ከተኙት 16 በመቶ። ግማሽ ነው! ይህን የሚያህል ልዩነት ያመጣ መድኃኒት ቢገኝ ዋጋው አይቀመስም ነበር። ይህኛው የሚጠይቀው አምስት ጥንድ እጅና ትራስ ነው። ስለዚህ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የገለበጡት ሰው እስከ ሌሊት ሰባት ሰዓት ቢቆይ ትክክል ነው።

እርግጥ አደጋ የለውም አልልሽም። ሲገለበጥ አንድ ሰው ራስጌ ቆሞ ቱቦውን ብቻ ይይዛል፣ የሚቆጥረውም የሚያዘውም እሱ ነው፤ ሌሎቹ ከግራና ከቀኝ ናቸው። ቱቦው ከወለቀ ሌላ ጣጣ ነው። ከዚያ በኋላ ደግሞ ፊት አለ። ጀማሪ ሳለሁ፣ ስሙን በማልጠራው ሆስፒታል፣ አንድ ሌሊት ሦስት ሆነን አንድ ሰውዬ ገለበጥን። መገልበጡስ ተሳካ። ወዲያው ድንገተኛ በሽተኛ ገባና እሱ ላይ ስንረባረብ የሰውየውን ጭንቅላት ማዞር ዘነጋነው። ሲነጋ ጉንጩ ቆስሏል። ሰውየው ድኖ ወጣ፣ ጠባሳዋ ግን ጉንጩ ላይ ቀረች፤ ገበያ ላይ ሳገኘው እስከ አሁን ዓይኔን እሰብራለሁ። ከዚያ ወዲህ የማዞሪያ ሰዓቱን እጄ ላይ በስክሪብቶ እጽፋለሁ። ጭንቅላቱ በየሁለት ሰዓቱ፣ ቢበዛ በየአራት ሰዓቱ መዞር አለበት፤ እጆቹም አብረው ይቀያየራሉ። አንድ እጁ ላይ አንድ እጁ ታች የሆነው ለዚህ ነው፣ እንደ ዋናተኛ፤ የትከሻው ነርቭ እንዳይጎዳ። ዓይኑ እንዳይደርቅ ቅባት ይደረግለትና ይከደናል። ፊቱ አብጦ ብታዪው አትደንግጪ፣ በጀርባው ሲመለስ ይጎድላል። አንቺ ነርሷን «ጭንቅላቱ መቼ ዞረ?» ብለሽ በደህና አንደበት ብትጠይቂ ማንም አይቆጣሽም። ከተቆጣሽ በእኔ ስም ይቅርታ።

ለሁሉም በሽተኛ አይሆንም። አከርካሪው የተሰበረና ገና ያልጸና፣ ጭንቅላቱ ውስጥ ግፊት የጨመረበት፣ ሆዱ ተከፍቶ ያልተሰፋ ሰው አይገለበጥም። ደግሞም መገልበጥ የሳንባ ምቹን አያድንም፤ መድኃኒቱ እስኪሠራ ሳንባውን ይዞለት ይቆያል እንጂ። ይህን ሳልነግርሽ ባልፍ ውሸታም እሆናለሁ።

ለእናትሽ ደግሞ፦ እኔ የተማርኩት ነርስነት ነው እንጂ ኪታብ አልቀራሁም። ግን አንድ ጊዜ ይህንኑ የሰፈራችንን ሸኽ ጠይቄ «እሱ ደህና ሰው በፈቃዱ ሲተኛ ነው፣ ለተጨነቀ ሰውማ ዲኑ ራሱ በር ይከፍታል» ብለውኛል። እናትሽም በአካባቢያችሁ ያሉትን ሸኽ ይጠይቁ፣ ልባቸው ያርፋል።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ ባለቤቴ ማሽን ላይ ናት። አልጋዋን ከወገቧ በላይ ቀና አድርገውታል። ሌሊት ሌሊት ወደ ታች እየተንሸራተተች አንገቷ ይታጠፋል። አሳዘነችኝና እንደ ሰው ተዘርግታ ትተኛ ብዬ አልጋውን ዝቅ አደረግኩት። ነርሷ ስትመጣ ጮኸችብኝ፣ በሰው ፊት። ሰው ተቀምጦ ያድራል እንዴ? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ጋሼ፣ በሰው ፊት መጮኋ ልክ አይደለም። የጮኸችበት ምክንያት ግን ልክ ነው።

ባለቤትዎ በአፍንጫ በገባ ቱቦ ምግብ ይሰጣቸዋል ብዬ እገምታለሁ። ሰው ሲዘረጋ ጨጓራ ውስጥ ያለው ወደ ጉሮሮ መመለስ ይቀለዋል። ጤነኛ ሰው ይውጠዋል ወይ ያስለዋል። እሳቸው ማስተኛ መድኃኒት ላይ ስለሆኑ ሁለቱንም አይችሉም። የመተንፈሻው ቱቦ ጫፉ ላይ አየር የተሞላች ፊኛ አለችው፣ እሷ አብዛኛውን ትከላከላለች፤ ግን ጠብ ጠብ እያለ በጎኗ ያልፋል። ሳንባ ውስጥ ገባ ማለት በምች ላይ ምች ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ባርሴሎና ውስጥ በ86 በሽተኞች ላይ ሞክረውት ነበር፦ በ45 ዲግሪ ቀና ካሉት 8 በመቶው፣ ተዘርግተው ከተኙት 34 በመቶው አዲስ የሳንባ ምች ተጠርጥሮባቸዋል።

45 ዲግሪ ግን ለመናገር ነው የሚቀለው። በሽተኛው ይንሸራተታል፣ እርስዎ እንዳዩት። ከዚያ በኋላ በሆላንድ የተሠራ ሌላ ጥናት 45 አድርጉ ብሎ አዝዞ ሲለካ በአማካይ 30 እንኳ አልሞላም። እኛ የምንይዘው ከ30 እስከ 45 ነው። 30 ዲግሪ ማለት ቀጥ ብሎ ከመቀመጥ አንድ ሦስተኛው ነው። ዓይን ያታልላል፣ ሁልጊዜ ቀና ያለ ይመስለናል፤ ባለ ስማርት ስልክ ልጅ ካለዎት ስልኩ ላይ ማዕዘን መለኪያ አለና ይለኩበት።

መንሸራተቱን ግን ችላ አይበሉት። የተንሸራተተ ሰው ወገቡ ላይ ሳይሆን ሆዱ ላይ ይታጠፋል፤ ድያፍራሙን ይጫነዋል፣ ከኋላ ቆዳው እየተጎተተ የአልጋ ቁስል ይወጣበታል። ዘዴው መጀመሪያ የአልጋውን የጉልበት በኩል ትንሽ ማንሳት ነው፣ ራስጌው ከዚያ በኋላ ይነሳል። የጉልበት እጀታው ካልሠራ (የብዙዎቹ አልጋዎቻችን አይሠራም፣ እንተዋወቃለን) የተጠቀለለ ብርድ ልብስ ከጉልበት ሥር ይበቃል። ከተንሸራተቱም አይጎትቷቸው፣ ሁለት ሰው ሆኖ በአንሶላው ማንሳት ይሻላል፣ ነርሷን ጠርተው። አልጋው ለመገላበጥ ወይ ለማጠብ ዝቅ የሚልበት ጊዜ አለ፤ ያኔ ምግቡ ቀድሞ ይቆማል። እርስዎ ብቻዎን ዝቅ ሲያደርጉት ምግቡ እየፈሰሰ ይሆናል፣ ነርሷ የጮኸችው እሱን አይታ ይመስለኛል።

ጥያቄ፦ የነርሲንግ ተማሪ ነኝ፣ እዚሁ ደሴ። አንድ ሳንባው ብቻ የታመመ ሰው በየትኛው ጎኑ ይተኛ? ሌላው ደግሞ፣ መጽሐፉ ላይ ያለው የኦክስጅን ቁጥር ለደሴም ይሠራል? (ከደሴ)

መልስ፦ የመጀመሪያውን ባጭሩ፦ ደህናውን ሳንባ ወደ ታች። ደም ወደ ታች ስለሚያደላ ደህናው ጋ ይሂድ ነው ነገሩ። ሁለት ቦታ ላይ ግን ይገለበጣል። የታመመው ሳንባ ደም የሚተፋ ወይም መግል የቋጠረ ከሆነ እሱን ወደ ታች አድርገው፣ አለዚያ ፈሶ ደህናውንም ይሞላዋል። ሕፃናት ላይም እንደ አዋቂ አይደለም፣ ለጨቅላ ደህናው ሳንባ ወደ ላይ ሲሆን ነው የሚሻለው። ፈተና ላይ ይመጣል፣ እመነኝ።

ሁለተኛው ጥያቄህን ወድጄዋለሁ፣ እኔ በአንተ ዕድሜ አላሰብኩትም። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ነው፤ 760 ሚሊሜትር ሜርኩሪ የነበረው 560 አካባቢ ይሆናል። አየሩ ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ ያው 21 በመቶ ነው፣ የሚገፋው ግፊት ግን አነሰ። ስለዚህ የጦሳን ዳገት ወጥቶ የሚወርድ ጤነኛ ሰው እንኳ ከአፋር ቆላ ሰው ትንሽ ዝቅ ያለ ሳቹሬሽን፣ ጣት ላይ የምትሰካዋ ዕቃ የምታሳየውን የኦክስጅን ቁጥር ማለቴ ነው፣ ቢያሳይ አትደንግጥ። በደም ውስጥ ያለው የኦክስጅን ግፊት ለሚሰጠው የኦክስጅን ድርሻ ሲካፈል ከ300 በታች ከሆነ ሳንባው ተጎድቷል የሚለውን መስመር ታውቀዋለህ። ይህን መስመር ያሰመረው፣ በ2012 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የበርሊን መግለጫ ራሱ ከ1,000 ሜትር በላይ ላለ ቦታ በአካባቢው ግፊት አስተካክሉ ይላል። 300ን በ560 አባዝተህ ለ760 ስታካፍል 220 አካባቢ ይመጣል፤ የደሴ መስመር እሱ ነው ማለት ነው። የደም ጋዝ መመርመሪያ ከሌለስ? የበርሊኑን መግለጫ ለእንዲህ ዓይነት ቦታ ያስተካከለው፣ በ2016 የወጣው የኪጋሊ ማስተካከያ ጣት ላይ በሚነበበው ሳቹሬሽን መሥራት ይፈቅዳል፤ ለሚሰጠው የኦክስጅን ድርሻ ተካፍሎ 315 ወይም ከዚያ በታች ሲሆን። ርዋንዳ ውስጥ፣ እንደኛው ዳገታማ አገር፣ የእኛን ዓይነት ክፍል እያዩ ያወጡት ስለሆነ ደስ ይለኛል።

ጥያቄ፦ እናቴ ጉንፋን ብሎ ጀምሯት አሁን ስትራመድ ትንፋሽ ያጥራታል፣ ስትተኛ ይብስባታል። በኮሮና ጊዜ ሰዎች በሆዳቸው ተኙ ሲባል ሰምቻለሁ። ቤት ውስጥ ላስተኛት? (ከወልድያ)

መልስ፦ አታስተኛት። ዛሬውኑ ሆስፒታል ውሰዳት።

በኮሮና ጊዜ ያልከው እውነት ነው፤ በ2021 (እ.ኤ.አ.) በስድስት አገሮች 1,126 በሽተኞችን ያካተተ ጥናት፣ ነቅተው ሳለ በሆዳቸው የተኙት ወደ ማሽን የመግባት ዕድላቸው መቀነሱን አሳይቷል። ግን እነዚያ ሰዎች ሆስፒታል ነበሩ፣ ብዙ ኦክስጅን እየተሰጣቸው፣ ሰው እያያቸው። እናትህ ቤት ናቸው። ደግሞ «ስትተኛ ይብስባታል» ማለትህ ሌላ ነገር ያስጠረጥረኛል። ልብ ሲደክም እንደዚያ ያደርጋል፤ ሐኪሙ «በስንት ትራስ ነው የሚተኙት?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም፣ ቆጥረህ ሂድ። ሌሊት አፍኗቸው ተነስተው ይቀመጡ እንደሆነም፣ እግራቸው ያብጥ እንደሆነም ንገረው።

መኪና እስኪገኝ ድረስ ቀና አድርገህ አስቀምጣቸው። ፊት ለፊታቸው ባለ ጠረጴዛ ላይ ትራስ አድርግና በክንዳቸው ተደግፈው ወደ ፊት ዘንበል ይበሉ፣ ለደረታቸው ይቀላል። አንድ ዓረፍተ ነገር ሳይቆርጡ መናገር ካቃታቸው፣ ከንፈራቸው ከጠቆረ ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ ካላቸው ባጃጅም ቢሆን ያዝ፣ መኪና አትጠብቅ።

አንድ ነገር ደግሞ፣ ጎረቤት ሊጠይቅ መጥቶ ቡና መፈላቱ አይቀርም። ይፈላ። ዕጣኑና ከሰሉ ግን እሳቸው ካሉበት ክፍል ይውጡ። ቅር ይላቸዋል፣ የወሎ እናት ያለ ጭስ ቡና ጠጣሁ አትልም፣ የእኔዋም ያው ናት። በረንዳ ላይ አፍሉትና ስኒውን አምጡላቸው።